60 ሄክታር በጅማ ዳርቻ፦ ቤቱ፣ የሥራ ቦታውና ጨፌው እንዴት አብረው ይሰመራሉ?

ጥያቄ፦ «በጅማ ዳርቻ፣ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያዘቀዝቀው በኩል፣ 60 ሄክታር ያህል የእርሻና የግጦሽ መሬት በአካባቢ ልማት ፕላን ሊሸነሸን ነው። ለሕዝብ ውይይቱ ከነዋሪው ከተወከልነው አንዱ ነኝ። ስብሰባው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ቤት የሌላቸው "ሁሉም ለመኖሪያ ይሁን" ይላሉ። ወጣቶቹ የሥራ ቦታና ሼድ ይጠይቃሉ። ከብት የሚያሰማሩትና ቄጠማ የሚያጭዱት ደግሞ "ጨፌው አይነካ" ብለዋል። መሬቱ ለሦስቱም አይበቃም። ለማን ቅድሚያ እንስጥ?»

ምላሽ፦

መሬቱ ይበቃል። ይህን ከታች በቁጥር አሳይዎታለሁ፤ መሬት የሚያሳንሰው አብዛኛውን ጊዜ አሸናሸኑ ነው። ስብሰባው ላይ «ለማን ቅድሚያ እንስጥ» የሚለውን ትታችሁ «ካርታው ላይ መጀመሪያ ምን ይሰመር» በሚለው ጀምሩ። የኔ ቅደም ተከተል ውሃ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ከዚያ ቤት ነው። ቤት ሦስተኛ የሆነው ጥያቄው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ከሦስቱ ቅርፁን መለወጥ የሚችል እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ቤት ይጠብባል፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ፎቅ ይሆናል፣ ከሱቅ በላይ ይወጣል። ጋራዥ ግን ከመኪና መንገድ ርቆ አይቆምም፤ ጎርፍም የሚሄድበትን አይለቅም።

ከውሃው እንነሳ። ከጅሬን በኩል ካለው ከፍታ የሚወርደው ውሃ በአዌቱ፣ በቂጦና በሌሎች ትናንሽ ጅረቶች ከተማዋን አቋርጦ ቦዬ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ያመራል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ረግረጉ ይህን ውሃ ተቀብሎ ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ረግረጉ ሲደፈን ደለሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያመነጨውና 184 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ አንድ የኃይል ማመንጫ ነው። የውሃ ዳር ወፎችም ኑሯቸው እዚያው ጨፌ ላይ ነው። እንግዲህ ጨፌው አይነካ የሚሉት ሰዎች የሚሟገቱት ለግጦሻቸው ብቻ አይደለም።

ግንባታ ጎርፉን በስንት እንደሚጨምር ማስላት ይቻላል። የሚፈሰው ውሃ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ለማወቅ፣ የመሬቱን የፍሳሽ ድርሻ በዝናቡ ጥንካሬ (ሚሊ ሜትር በሰዓት) እና በስፋቱ (ሄክታር) አባዝቶ ለ360 ማካፈል ነው። ሣርና እርሻ ከሚዘንብበት ወደ 0.3፣ ጣሪያና ድንጋይ ንጣፍ የበዛበት ሰፈር ወደ 0.7 ይለቃል። ለምሳሌ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ብንወስድ፣ 60 ሄክታሩ ዛሬ ባለበት ሁኔታ በሰከንድ 3 ሜትር ኩብ ይለቃል። 18 ሄክታሩ ክፍት ሆኖ 42ቱ ቢገነባ 5.8 ይሆናል። ሁሉም ቢገነባ 7 ይደርሳል፤ ያኔ ደግሞ ውሃው የሚያርፍበት ቦታም የለም። ለትክክለኛው ዲዛይን የዝናቡን ጥንካሬ መሐንዲሱ ከአካባቢው የዝናብ መረጃ ይውሰድ፤ የኔ 60 ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው።

የተጨመረው 2.8 ሜትር ኩብ በሰከንድ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ 5,040 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ይህን 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በተቆፈረ 8,400 ካሬ ሜትር ሜዳ ላይ ማቆየት ይቻላል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በጋውን ልጆች ይጫወቱበታል፤ ክረምት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ውሃ ይይዛል። ሜዳው ረግረጉ ውስጥ አይቆፈርም፤ ከረግረጉ በላይ፣ በደረቁ ጠርዝ ላይ ይሁን። ውሃው ሲገባበት ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ማጥመጃው በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ በጥቂት ክረምት ሜዳው በደለል ይሞላና አገልግሎቱ ያበቃል። ይህን የሚጠርገው ማን እንደሆነ ከአሁኑ በፕላኑ ሪፖርት ላይ ይጻፍ።

ሌላው ከታችኛው መሬት የሚያርቀን ነገር አፈሩ ነው። ዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ለመሠረት ጥሩ ነው። ወደ ጨፌው ሲቀርቡ የሚያገኙት ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ኮትቻው፣ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ የተሠራ ባለ አንድ ወለል ብሎኬት ቤት ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ በመስኮትና በበር ማዕዘን በኩል በሰያፍ ይሰነጠቃል። ለመከላከል ጥቁሩን አፈር አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆፍሮ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብ እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል። የውሃው ከፍታ ቅርብ ከሆነ ይህም ዋስትና አይሆንም። አቅም ለሌለው ቤተሰብ «ርካሽ ቦታ» ብሎ ኮትቻ ላይ መምራት፣ ወጪውን ከቦታው ዋጋ ወደ መሠረቱ ማዛወር ብቻ ነው። ይህን ስብሰባው ላይ ጠንከር አድርገው ይናገሩት፤ ቤት ፈላጊዎቹን ከጨፌው ጠባቂዎች ጋር የሚያስታርቀው ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

መስመሩ እንዴት ይሰመር? የቀበሌ ካርታ አይበቃም። በአንድ ሜትር ልዩነት ከፍታ የሚያሳይ፣ በ1፡2,000 መጠን የተነሳ ካርታ ይጠይቁ። በዚያ ላይ ሦስት ነገር ይመዝገብ። አንደኛው ነባር ነዋሪዎች ያዩት ከፍተኛው የጎርፍ ምልክት ነው፤ የትኛው ዛፍ፣ የትኛው አጥር፣ የትኛው ግድግዳ ድረስ እንደደረሰ በቦታው ላይ ይጠይቁ፣ በጂፒኤስ ይነሳ። ሁለተኛው የአፈር ጉድጓድ ነው፤ በየ100 ሜትሩ ሁለት ሜትር ጥልቀት ይቆፈርና አፈሩ ከየት ላይ ከቀይ ወደ ጥቁር እንደሚለወጥ፣ ውሃ በስንት ጥልቀት እንደሚገኝ ይጻፍ። ይህ መስከረም ላይ መሆን አለበት። ጥር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ይገኝና «ረግረግ አይደለም» የሚል ሪፖርት ይወጣል። ሦስተኛው ዕፅዋቱ ነው፤ ቄጠማና ደንገል የሚያበቅል መሬት ከብት ግጦ ቢያሳጥረውም ረግረግ ነው።

ከእነዚህ የወጣው ከፍተኛ መስመር የረግረጉ ወሰን ይሆናል። ከዚያ ወደ ላይ 30 ሜትር መጠበቂያ እንድትጨምሩ እመክራለሁ። ለረግረጉ የሚቀርበው 15 ሜትር በአገር በቀል ዛፍ ይያዝ፤ ለጅረት ዳር ዶቅማ ይስማማል፣ ከፍ ሲል ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ። ቀሪው 15 ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና ጓሮ አትክልት ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ እዚህ አይተከል፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ላይ ሣር አያስቀርም። ከ20 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነውም መሬት (በ100 ሜትር ርቀት 20 ሜትር የሚወጣው) አይሸንሸን። ለቤት ቆርጦ ማስተካከሉ ከቤቱ ባልተናነሰ ያስወጣል፤ ድጋፍ ግንቡ የሚፈርሰው ደግሞ የታችኛው ጎረቤት ላይ ነው። ቡናው በጥላ ዛፉ ሥር እንዳለ ቢቆይ ይሻላል።

እርስዎ ባሉት ዓይነት ቦታ ላይ ረግረጉና መጠበቂያው 14 ሄክታር፣ ተዳፋቱ 4 ሄክታር ቢይዝ፣ ክፍት ቦታው 18 ሄክታር ይሆናል። ይህ ከ60ው 30 በመቶ ነው። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው መርህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጨፌውን መጠበቅ ከግንባታው ድርሻ ላይ ምንም አይቀንስም፤ ፕላኑ በማንኛውም መንገድ ማስቀመጥ የነበረበትን 30 በመቶ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የተለመደው ስህተት 30 በመቶውን በየቦታው መበታተን ነው። የአደባባይ ክብ፣ የመንገድ መሃል ሣር፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ ለመሸንሸን ያልተመቸ ማዕዘን ሁሉ ተደምሮ ሠንጠረዡ ላይ «30%» ይወጣል፤ ረግረጉ ግን ለሽንሻኖ ሄዷል። ሠንጠረዡን ሲያዩ የክፍት ቦታዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ከግማሽ ሄክታር በታች የሆኑት ከድምሩ ስንት እንደሚይዙ ይደምሩ።

ሌላም አለ፤ ለኔ ከሁሉም በላይ ጨፌ የሚያጠፋው እሱ ነው። የቤቶቹ ጀርባ ወደ ረግረጉ ከዞረ፣ ረግረጉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ጀርባ ማለት የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የቆሻሻ መጣያና በየዓመቱ አንድ ሜትር ወደፊት የሚሄድ አጥር ነው። መፍትሔው በመጠበቂያው ላይኛ ጠርዝ ላይ መንገድ ማሳለፍ ነው። ቤቶች በመንገዱ አንድ ወገን ብቻ ይሰለፋሉ፣ በራቸውና መስኮታቸው ወደ ጨፌው ያያል። አጥር መንገድ አይሻገርም። መንገዱ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንድ ወገኑ ቦታ ስለማይሸጥበት የከተማ አስተዳደሩ ሊያንገራግር ይችላል። ግን እይታ ያለው ቦታ በሊዝ ጨረታ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ከፊሉ ይመለሳል። አንድም መስመር ማስለወጥ የምትችሉት ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ እሱኑ አስለውጡ።

ክፍት ቦታው ተጠቃሚ ያስፈልገዋል። ባለቤት የሌለው ሜዳ ለወራሪ የተተወ ነው። ቄጠማ ለሚያጭዱት በማኅበር ውል ይሰጥ፤ ግጦሹ በቁጥርና በወራት ተወስኖ ይቀጥል፤ የችግኝ ጣቢያ ይግባበት። ሸክላ ጡብ ለሚያመርቱ አፈር መቆፈሪያ ግን ረግረጉ ውስጥ አይፈቀድ፤ የቆፈሩት ጉድጓድ ውሃውን ወደ አንድ ቦታ ይስብና ቀሪውን ጨፌ ያደርቃል። ለእነሱ የሥራ ቦታው ውስጥ መጋዘንና መደርደሪያ፣ ከረግረጉ ውጭ ደግሞ የተከለለ የአፈር ማውጫ ይፈለግላቸው።

አሁን ሥራ። ጅማ ያደገችው ከገበያ ነው፤ ሂርማታ ሰፈር ከመሆኑ በፊት የደቡብ ምዕራቡን ነጋዴ ሁሉ የሚሰበስብ የሐሙስ ገበያ ነበር። ሰው የሰፈረው ገበያውን ተከትሎ ነው። አዲስ የማስፋፊያ ሰፈር ስንሸነሽን ግን ይህን እንገለብጠዋለን፤ ቤቱን እንመራና ሥራው ራሱ ይመጣል እንላለን። ውጤቱ የታወቀ ነው። ሰዉ ገቢውን ለባጃጅና ለታክሲ ይከፍላል፣ ቦታ የደረሰው ቤቱን አከራይቶ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ጋራዡና እንጨት ቤቱ መንገድ ዳር ላይ በሸራ ይተከላል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንድ ሰፈር የሥራ ቦታ ጥያቄ ግን መልስ ተደርጎ አይቆጠር። የፀጉር ቤቱን፣ የበያጁን፣ የልብስ ሰፊውን ቦታ አይተካም።

ሥራን በሦስት ይክፈሉት። ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ፤ ስፌት፣ እንጀራ ጋገራ፣ ቡና ቆልቶ መሸጥ። ለዚህ የተለየ መሬት አያስፈልግም፤ ፕላኑ «መኖሪያ ብቻ» ብሎ እንዳይከለክለው ማድረግ ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛው ሱቅ፣ ካፌ፣ ፋርማሲና ቢሮ ነው፤ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከሥር ሱቅ ከላይ መኖሪያ ይሁን። ሦስተኛው ጩኸት፣ አቧራና ፍሳሽ ያለው ነው፤ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ጋራዥ፣ ቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ። ይህ የራሱ ክልል ይፈልጋል።

ሦስተኛውን የት እናስቀምጥ? ርካሽ ስለሆነ ብቻ ረግረጉ ጠርዝ ላይ የመግፋት ልማድ አለ። አይሆንም፤ የተቃጠለ ዘይትና ቫርኒሽ በመጀመሪያው ዝናብ ጨፌ ውስጥ ነው የሚገባው። በላይኛው በኩል፣ ከአስፋልቱ በቀጥታ ጭነት መኪና በሚገባበት ቦታ ይሁን። የውስጥ መንገዱ ከ12 ሜትር አይነስ፤ አይሱዙ ቆሞ ሲያራግፍ ሌላው ማለፍ አለበት። የእንጨት ሥራ ቤቶች በተለይ በጅማ ብዙ ናቸው፤ አልጋና ሶፋ የሚሠራውም፣ በርጩማ የሚጠርበውም እንጨቱን ለወራት የሚያደርቅበት ጥላ ይፈልጋል። 60 ካሬ ሜትር መሥሪያ ላለው 60 ካሬ ሜትር ማድረቂያ ጥላ ይታሰብ። ይህ ካልተሰጠ እንጨቱ መንገዱ ላይ ይደረደራል። ሰጋቱራና ቫርኒሽ አንድ ላይ ስላሉ በየረድፉ መሃል 6 ሜትር የእሳት ክፍተት ይኑር። ጋራዥና መኪና እጥበት የዘይት ማጣሪያ ጉድጓድ ሳይኖራቸው ሥራ አይጀምሩ። መብራቱ ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ፣ ትራንስፎርመሩ ከሼዱ ግንባታ ጋር አንድ ላይ ይታዘዝ። ሼዱ አልቆ ኃይል የሌለው ከሆነ ወጣቶቹ ማሽናቸውን ይዘው ወደ መሃል ከተማ ይመለሳሉ፣ ሼዱም መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

መጠኑን ለግምት እንዲህ አስቡት። ለወርክሾፕ ከነግቢው ለአንድ ሠራተኛ 40 ካሬ ሜትር መሬት፣ ለጉልት ገበያ ከነመተላለፊያውና ከነማራገፊያው 20 ካሬ ሜትር። 2 ሄክታር ወርክሾፕ 500 ሰው፣ 1 ሄክታር ገበያ 500 ሰው ይይዛል። በዋናው መንገድ ዳር ላለው ሱቅ 2 ሄክታር ጨምሩበት። በጠቅላላው 5 ሄክታር ለሥራ ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። ለግንባታ የተመደበው 40 በመቶ 24 ሄክታር ነው። 5 ሄክታሩ ለሥራ ሄደ። አንድ ትምህርት ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ጤና ኬላና የአምልኮ ቦታ 3 ሄክታር ይውሰድ። ለመኖሪያ የሚቀረው 16 ሄክታር፣ ማለትም 160,000 ካሬ ሜትር ነው። በተለመደው መንገድ 200 ካሬ ሜትር እየተሸነሸነ ቢታደል 800 ቤት ይወጣል። በ4.5 ሰው ቢባዛ 3,600 ነዋሪ ነው። ስብሰባው ላይ «መሬቱ አይበቃም» የተባለው በዚህ ስሌት ነው፤ ያኔ ዓይን ሁሉ ወደ ጨፌው ይዞራል።

ያንኑ 16 ሄክታር በሌላ መንገድ ከፋፍሉት። 8 ሄክታር በ140 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን 571 ቤት ይሰጣል። 5 ሄክታር በ90 ካሬ ሜትር ተያያዥ ጂ+1 ቢሆን 555። 3 ሄክታር ለጂ+3 አፓርታማ ቢውል፣ የወለሉ ድምር የመሬቱን 1.2 እጥፍ ቢሆን 36,000 ካሬ ሜትር ወለል ነው፤ ለደረጃና ለመተላለፊያ 20 በመቶ ተቀንሶ ቀሪው 28,800 በ60 ሲካፈል 480 ቤት ይወጣል። ድምሩ 1,606 ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት እጥፍ። ወደ 7,200 ሰው ይኖርበታል ማለት ነው። በአንድ ቤተሰብ አንድ ተኩል ሠራተኛ ብናስብ 2,400 ሠራተኛ ይኖራል፤ ከዚህ ውስጥ ወርክሾፑና ገበያው ብቻ 1,000ውን እዚያው ሰፈር ያሠራሉ፣ ሱቆቹ ደግሞ ይጨመሩበታል። ከረግረጉ አንድ ካሬ ሜትር አልተነካም።

140 ካሬ ሜትሩን ያስቀረሁት በምክንያት ነው። በጅማ፣ በተለይ በቂጦ ፉርዲሳና በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ፣ ብዙ ሰው የሚኖረው ግቢ ውስጥ በሚከራይ ሰርቪስ ክፍል ነው። ለተከራዩ አቅም የሚፈቅደው ቤት፣ ለባለቤቱም የወር ገቢ ነው። ይህን የሚከለክል ፕላን ድሃ ተከራዮችን ወደ ጨረቃ ቤት ይገፋል። በ140 ካሬ ላይ ዋና ቤትና ሁለት የኪራይ ክፍል ከነንፋሱና ከነብርሃኑ ይቆማል።

90 ካሬ ሜትሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅርፁ 6 በ15 ቢሆን፣ ቤቱ 9 ሜትር ጥልቀት ይወስድና 6 ሜትር ግቢ ይተርፋል። ከጎረቤት ሁለት ሜትር መራቅ የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ከዋለ ቤቱ ሁለት ሜትር ስፋት ብቻ ይቀረዋል፤ ስለዚህ ፕላኑ ላይ «ተያያዥ ቤት፣ የጎን ርቀት አይጠየቅም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ሽንሻኖው ቢጸድቅ፣ ግንባታ ፈቃድ ላይ ሁሉም ይቆማል። የጋራው ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ሆኖ ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ እሳት በጣሪያ እንዳይሻገር። አቅም የሌለው መጀመሪያ ምድሩን ብቻ ሠርቶ፣ ለፎቁ የኮለን ፌሮ ማስቀጠያ እንዲተው ይፈቀድለት። የተተወው ፌሮ በስስ ኮንክሪት ይሸፈን፤ አለዚያ በጅማ ዝናብ ዝጎ ፎቁ ሲደርስ አይጠቅምም።

ቦታ ሲጠብብ መንገዱም አብሮ መጥበብ አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። 96 በ30 ሜትር የሆነ፣ 32 ቤት የያዘ ብሎክ ዙሪያውን 10 ሜትር መንገድ ቢኖረው 32 በመቶ ለመንገድ ይሄዳል። መንገዱ 8 ሜትር ቢሆን 27 በመቶ ነው። ለውስጥ መንገድ 8 ሜትር ለእሳት አደጋም፣ ለፍሳሽ መጣጭ መኪናም ይበቃል፤ ግን ሁለት ጫፉ ክፍት ይሁን፣ ተዘግቶ የሚቀር መንገድ አይኑር። ተዳፋት ላይ መንገዱ ከፍታውን እየተከተለ አግድም ይሂድ። በቀጥታ ቁልቁል የተሰመረ ኮብልስቶን ከ10 በመቶ በላይ ሲያዘቀዝቅ ክረምት ላይ ወንዝ ይሆናል፤ ድንጋዩም ከሥሩ አሸዋው እየታጠበ ይነቀላል።

የጥግግቱ ትልቁ እንቅፋት ፍሳሽ ነው። 90 ካሬ ሜትር ላይ የግል ጉድጓድ ከነማስረጊያው አይገባም፤ ቢገባም የጎረቤትን መሠረት ያርሳል። ለ10 ቤት አንድ የጋራ ሴፕቲክ ታንክ ይታሰብ። 50 ሰው በቀን 60 ሊትር ቢለቅ 3 ሜትር ኩብ ነው፤ ለሁለት ቀን ማቆያና ለሦስት ዓመት ዝቃጭ ሲጨመር ወደ 12 ሜትር ኩብ ታንክ ይመጣል። መጣጩ መኪና በቅርብ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይቀበር። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ በቀይ አፈር ላይ በማስረጊያ ቦይ ይሰርጋል፤ በኮትቻ ላይ አይሰርግም፣ ወደ ላይ ይመለሳል። የማስረጊያው ታች ከክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ ከማንኛውም የጉድጓድ ውሃ ደግሞ 30 ሜትር ይራቅ። ይህን ማሟላት ያልቻለ ቦታ በ90 ካሬ አይሸንሸን፤ በ140ው ክልል ውስጥ ይግባ።

ስለ ገበሬዎቹ ሳልናገር ባልፍ ፕላኑ ወረቀት ላይ ይቀራል። የከተማ ዳርቻ መሬት ፕላን የሚመጣበት መሆኑ ሲሰማ በስውር ተቆራርሶ ይሸጣል፤ ካሳው መሬቱ ከሚያወጣው ጋር አይመጣጠንም የሚል ፍርሃት ስላለ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን በዘላቂነት ለሚለቅ ባለይዞታ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈል ይላል። የቡናው ዋጋ ለብቻው ይቆጠራል። የተባለው በትክክል እንዲሰላ፣ ገቢው የሚመዘገበው ቡናው ባፈራበት ዓመት እንዲሆን ወኪሎቹ አሁኑኑ ይጠይቁ። ነባሩ መኖሪያቸው በፕላኑ ውስጥ እንዲካተት፣ ልጆቻቸው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቦታ እንዲያገኙ መደራደርም ተገቢ ነው። ከመጀመሪያው የተካተተ ገበሬ ረግረጉን ራሱ ይጠብቃል።

አፈጻጸሙ በአራት ምዕራፍ፣ በየ15 ሄክታሩ ይሁን። በየምዕራፉ መጀመሪያ የሚሠራው የጎርፍ መውጫውና ማቆያ ሜዳው ነው፤ ቀጥሎ የመንገድ ቆረጣና የጎን ቦይ፣ ከዚያ የውሃና የመብራት መስመር፣ ከዚያ ብቻ የቦታ ርክክብ። ብዙ ከተማ ይህን ገልብጦ መጀመሪያ ቦታ ያስረክባል። ነዋሪው እንደመሰለው ከፍታ ይገነባል፣ መንገዱ በኋላ ሲቆረጥ ግማሹ ቤት ከመንገዱ በታች ይቀራል፣ ውሃውም ሳሎን ይገባል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋናውን መንገድ፣ ገበያውንና ወርክሾፑን የያዘው ይሁን፤ መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ሥራ ይዘው እንዲገቡ።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የአካባቢ ልማት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠበቃል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። በቃለ ጉባኤው ላይ የሚከተሉት ቃል በቃል እንዲገቡ አድርጉ፦ የረግረጉ ወሰን በኮኦርዲኔት ተዘርዝሮ፣ በየ50 ሜትሩ በኮንክሪት ምሰሶ ምልክት እንዲደረግበት፤ ለ18 ሄክታሩ ክፍት ቦታ እንደማንኛውም ይዞታ ካርታ እንዲወጣለት፤ በዋናው መንገድ ዳር የሚፈቀደው ትልቁ የሕንፃ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ትንሹም፣ ጂ+1 ተብሎ እንዲጻፍ። ካርታ የሌለው ክፍት ቦታ በቀጣዩ የፕላን ለውጥ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ይነሳል። ትንሹ ከፍታ ካልተጻፈ ደግሞ በጣም ውዱ መንገድ ዳር ላይ የቆርቆሮ ሱቅ ይደረደርና ጥግግቱ እንደገና ወደ ጨፌው ይገፋል። ቃለ ጉባኤውን ከመፈረማችሁ በፊት ካርታው አብሮ መያያዙን፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ማህተም መኖሩን እዩ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በኮሚቴው እጅ ይቅር።